አይቶ ማለፍና አይቶ መማር

(በሀብሩ ወረዳ ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮ ስንል በስልክ፣ በቴሌቪዥን ወይም ግድግዳ ላይ በተወጠረ ነጭ ጨርቅ የሚታየውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማለታችን ነው። ዘፈኑንና ቀልዱን ለጊዜው እንተወው። የምንናገረው ለትምህርት ተብሎ ስለተሠራው ነው። ጤፍ በመስመር እንዴት እንደሚዘራ የሚያሳይ አለ። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ምን መደረግ እንዳለበት የሚያሳይ አለ። ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት የሚማሩትን ሒሳብና ሳይንስ የሚያስረዳም አለ።

ይህን ርዕስ ለምን መረጥነው? እኛ ከዩኒቨርሲቲ ወደዚህ የዘመትን ተማሪዎች ከወልዲያ ወደ መርሳ፣ ከመርሳም ወደ ሀብሩ የገጠር ቀበሌዎች ስንዘዋወር አንድ ቃል ደጋግመን ሰማን። «እናንተ ልጆች፣ እሱንማ በቪዲዮ አይተነዋል፤ እናውቀዋለን» ይሉናል። እሺ፣ እንግዲያው እስቲ ንገሩን ስንል ወሬው ይቆማል። አንዱ የሌላውን ፊት ያያል። አንዱም ይስቅና «አይ፣ ያን ጊዜማ ገብቶኝ ነበር» ይላል።

ይህ በገበሬ ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥም ያው ነው። ቪዲዮ አንድ ጠባይ አለው፤ ሲያዩት ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል። የሚዘራው ሰውዬ እጁ አይሳሳትም። መሬቱ ለስልሷል፣ ዘሩ ተመዝኗል፣ ዝናቡም በሰዓቱ ጥሏል። ችግሩ ሁሉ ተቆርጦ ወጥቷል። ስለዚህ ያየ ሰው ያወቀ ይመስለዋል። ነገር ግን አባቱ ሲያርስ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲያይ የዋለ ልጅ፣ እርፍ ቢያስጨብጡት ቀጥ ያለ ትልም ያወጣል? አያወጣም። እጁ ገና አልተማረማ!

እስቲ ማንበብ ስትጀምሩ ታደርጉት የነበረውን አስታውሱ። ጣታችሁን ከፊደሉ ሥር ታኖራላችሁ። «በ» ይሁን «ሰ» ካልለያችሁት እዚያው ትቆማላችሁ። ትመለሳላችሁ፣ እንደገና ትሉታላችሁ፣ ከጎን ያለውን ትጠይቃላችሁ። ያ ሁሉ ሲሆን መጽሐፉ ዝም ብሎ ይጠብቃችኋል። መጽሐፍ አይሮጥም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል የቆጠሩት አያቶቻችን በዚህ መንገድ ነው የተማሩት፤ በጣት እየተከተሉ፣ እየቆሙ።

ቪዲዮ ግን አይጠብቅም። ገባችሁም አልገባችሁም ይሄዳል። አቁም ካላሉት በቀር መጨረሻው ድረስ ይሮጣል። እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ዋና ነገር ይኸው ነው። በመጽሐፉ ላይ የነበረችው ጣት ቪዲዮውም ላይ ታስፈልጋለች።

በአገራችን የዚህን ነገር ክብደት በደንብ ያሳየን አንድ ታሪክ አለ፤ እሱን በጥቂቱ እንንገራችሁ።

በ1997 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በሚገኙ የመንግሥት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ጀመረ። በየክፍሉ ትልቅ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ሕዝቡ «ፕላዝማ» አለው። ምናልባት ታላላቅ ልጆቻችሁ ሲያወሩ ሰምታችሁ ይሆናል። ትምህርቱ የተቀረጸው በደቡብ አፍሪካ ነበር፤ የሚነገረውም በእንግሊዝኛ ነበር። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። በአዲስ አበባ ያለ ተማሪና በገጠር ያለ ተማሪ እኩል አንድ ዓይነት ትምህርት ያግኙ ነው። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት እንኳ የኬሚስትሪውን ሙከራ በዓይኑ ያያል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እኛ አናቃልለውም።

ግን ምን ሆነ? አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ያህል ነበር። ከዚያ ውስጥ 30 ደቂቃ ያህሉን የሚወስደው ቴሌቪዥኑ ነው። ለመምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትተርፈዋለች። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ይናገራል፣ ያልፋል። ተማሪው እርሳሱን ሳያነሳ ጥያቄው አልቋል። ትምህርቱ ከሳተላይት በቀጥታ ስለሚመጣ «አንድ ጊዜ ይቁምልን» ማለት አይቻልም። «ይደገምልን» ማለትም አይቻልም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያን ቀን ትምህርት ጠፋ ማለት ነው። ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች ይህንኑ ጽፈዋል፦ ተማሪው መጠየቅ አቆመ፣ መምህሩም በገዛ ክፍሉ ውስጥ እንግዳ ሆነ። አንዳንዱ መምህር ሥራው ማብራትና ማጥፋት ብቻ ሆነ እየተባለ ይቀለድ ነበር። ቀልዱ መራራ ነው።

ልብ በሉ፤ ሥዕሉ ጥሩ ነበር፣ አስተማሪውም ያውቅ ነበር። የጎደለው ተማሪው የሚቆምበት፣ የሚያስብበትና የሚመልስበት ጊዜ ነው።

ዛሬ በእጃችን ያለው ቪዲዮ ግን ከፕላዝማው በአንድ ነገር ይለያል። ይቆማል። በስልኩ መስታወት ላይ ጣታችሁን ነካ ስታደርጉ ሁለት ትንንሽ ቋሚ መስመሮች ይታያሉ። እነሱን ስትነኳቸው ሥዕሉ ቀጥ ይላል። እንደገና ስትነኩት ይቀጥላል። ወደ ኋላ መመለስም ይቻላል። ይህች ትንሽ ነገር ከሥዕሉ ጥራት ይልቅ ትጠቅማለች ብለን እናምናለን።

ይህን አውቀው የሚሠሩ አሉ። ዲጂታል ግሪን የሚባል ድርጅት አለ። ሥራው በሕንድ አገር በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረ ነው። በኋላ ወደ እኛም አገር መጥቶ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች ሠርቷል። አሠራሩ እንዲህ ነው። የሚቀረጸው ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ሳይሆን በዚያው አካባቢ የሚኖር ገበሬ ነው። ቪዲዮው አጭር ነው፤ ከአሥር ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ማታ ወይም ቤት ውስጥ ይታያል። ተመልካቾቹ ጥቂት ጎረቤታሞች ናቸው። የልማት ሠራተኛው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። መሃል ላይ ያቆመዋል፤ «አሁን ምን አደረገ? ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ሰዎቹ የጠየቁትን ጥያቄ ይመዘግባል። ከሰነበተም በኋላ ማን በማሳው ላይ እንደሞከረው ሄዶ ያያል።

በዚያ በሕንድ አገር ተመልካቾቹ ከሁሉ በፊት ምን ብለው እንደሚጠይቁ ታውቃላችሁ? «ይህ ሰውዬ ስሙ ማን ነው? ከየትኛው መንደር ነው?» ይላሉ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኛ ግን ትልቅ ጥያቄ ነው እንላለን። የማን መሬት ላይ እንደተዘራ ሳያውቅ እንዴት ይመናል? በጎጃም ደጋ የሚዘንበው ዝናብ በሀብሩ ቆላ አይዘንብም። የጊራና ሜዳ አፈርና ከዚያ በላይ ያለው የዳገቱ አፈር አንድ አይደለም። በመስኖ የተዘራ ሽንኩርት ዝናብ ለሚጠብቅ ሰው ምሳሌ አይሆነውም። ስለዚህ ቪዲዮው ሲጀመር አቁሙትና ጠይቁ። ይህ የት ነው? ደጋ ነው ቆላ? መስኖ አለው? ስንት በሬ፣ ስንት ሰው ሠራበት? መልሱ ከእናንተ ቤት ጋር የማይገጥም ከሆነ የቱ ይወሰድ፣ የቱ ይቅር ብላችሁ ተነጋገሩ። የልማት ሠራተኛውን ጠይቁ። ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ የዚህን አካባቢ አፈርና ዝናብ የሚያጠኑ ሰዎች ያሉበት ነው።

በነገራችን ላይ በስልክ የመጣ ሁሉ ትምህርት አይደለም። ስኳር በሽታን በሦስት ቀን አድናለሁ የሚል ሰውም በዚያው መስታወት ውስጥ ይናገራል። ለእሱም ያው ጥያቄ ነው፦ አንተ ማን ነህ? ከየት ነህ? ምንስ ትሸጣለህ?

አሁን በአንድ ቀበሌ የሆነውን እንንገራችሁ። ስለ አቀንጭራ የሚናገር ቪዲዮ ልናሳይ ተሰብስበን ነበር። አቀንጭራን ማን የማያውቃት አለ? ማሽላውን አቀጭጫ ባዶ አገዳ የምታስቀር፣ ሐምራዊ አበባ ያላት አረም ናት። ቪዲዮውን ከመክፈታችን በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቅን። «ማሽላው የሚቀጭጨው ለምንድን ነው ትላላችሁ?» አልን።

አንድ አባት «መሬቱ ደክሞ ነው» አሉ። ሌላው «ዝናቡ ነው» አለ። አንዲት እናት ከኋላ ሆነው «ኧረ እሷው ናት፤ እሷ ናት የምትመጠው» አሉ። ክርክሩ ደመቀ። ሦስቱንም መልስ በሰሌዳው ላይ ጻፍናቸው። ከዚያ በኋላ ነው የከፈትነው።

ሰው ገምቶ ሲያይና ሳይገምት ሲያይ ዓይኑ አንድ አይደለም። «መሬቱ ደክሞ ነው» ያሉት አባት ወደ ፊት ተጠግተው ተቀመጡ። ቪዲዮው አፈሩ ተገልጦ ሥሩን ሲያሳይ እጃቸውን አነሱ።

«አቁመው እስቲ ልጄ! ይህ ሥር የማን ነው? የማሽላው ነው የእሷ?»

«የሁለቱም ነው አባባ። ይኸውልዎ፣ እዚህ ጋ ተጣብቀዋል።»

«እንግዲህ ገና ከመሬት ሳትወጣ ነው የምትበላው በለኛ!»

«አዎ አባባ፣ እንደሱ ነው።»

ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ታዲያ ከወጣች በኋላ መንቀሉ ምን ይረባል? የበላችውን በልታለች» አሉ።

ይህ ጥያቄ በቪዲዮው ውስጥ አልነበረም። ጥሩ ጥያቄ ነበር። መልሱን የሰጡት ሌሎቹ ገበሬዎችና የግብርና ባለሙያው ተረዳድተው ነው። አንዲት አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ታፈራለች። ዘሯ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል፤ የማሽላ ሥር ሲቀርበው ይነቃል። ስለዚህ አበባዋ ዘር ሳይሆን መንቀሉ የዘንድሮን ማሽላ ባያድንም የሚመጣውን ዓመት ያድናል። ከዚያም ወሬው አቀንጭራን ወደሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ሄደ። በአገራችን ጎብዬና አብሽር የሚባሉ ዝርያዎች ወጥተዋል። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታም አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ላይ በሠሩት ሥራ በ2001 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸልመዋል። ይህን ሁሉ ያስወራን አንድ «አቁመው እስቲ» የሚል ቃል ነው። ቪዲዮው ሰባት ደቂቃ ነበር። እኛ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን።

የገመቱት ያልሆነላቸው ሰዎች ከሁሉም የበለጠ አስታውሰውት አገኘናቸው። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ግምት ስህተት ሲሆን ነው ትክክለኛው መልስ በልብ ውስጥ የሚቀመጠው።

አሁን ደግሞ የፈረንጆችን ጥናት አንድ እንጨምር። ሃርቫርድ የሚባል የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2005 ዓ.ም. አንድ ጥናት አሳተሙ። ለተማሪዎች 21 ደቂቃ የሚፈጅ የቪዲዮ ትምህርት አሳዩ። ትምህርቱን በአራት ከፈሉት። አንደኛው ቡድን እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ አጭር ፈተና ይፈተናል። ሌሎቹ አይፈተኑም። በየመሃሉም «አሁን ሐሳባችሁ የት ነው?» ተብለው ይጠየቁ ነበር።

እዚህ ላይ ንባቡን አቁሙ። የትኛው ቡድን ሐሳቡ የባዘነ ይመስላችኋል? ስንት ጊዜስ? ገምቱና ቀጥሉ።

ያልተፈተኑት ከመቶ 40 ያህሉን ጊዜ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ዓይናቸው ቪዲዮው ላይ ነው፤ ልባቸው ግን ሄዷል። እንደ እኛ አገር ቢሆን ከጠፋው በሬ ጋር ነው፣ ወይም ከዕዳው ጋር። በየመሃሉ የተፈተኑት ግን ሐሳባቸው የባዘነው ከመቶ 19 ያህሉን ጊዜ ነው። ደብተራቸው ላይም ከሌሎቹ አብልጠው ጻፉ። በመጨረሻው ፈተናም በለጡ። ቪዲዮው ለሁሉም ያው ነበር፤ አስተማሪውም ያው። ልዩነቱ የመጣው ቆም ብሎ ከመመለስ ብቻ ነው።

እንግዲህ እናንተ ፈታኝ የላችሁም። ፈታኙ ጎረቤታችሁ ይሁን። ቡና ሲፈላ ጥሩ ጊዜ ነው። አቦል ሲጠጣ አንዱ ክፍል ይታያል። ከዚያ ስልኩ ይገለበጣል፤ ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ። አንድ ሰው ያየውን ከመጀመሪያ ይናገራል። ሌሎቹ «የለም፣ እሱን ያስቀደመው ነው»፣ «መድኃኒቱን የጨመረው ከውኃው በኋላ ነው» እያሉ ያርሙታል። ካልተስማሙ ስልኩ ተገልብጦ ይታያል። ቶናው ሲደርስ ሌላው ክፍል። ከቪዲዮው ሥር ዳኛ የሆነ ነገር የለም፤ ራሱ ቪዲዮው ዳኛ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። አንዳንድ ቪዲዮ ቢረሳ የሚያጠፋው አንድ እፍኝ ዘር ነው። አንዳንዱ ግን የልጅ ሕይወት ነው።

ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ከሰውነቱ ውኃና ጨው ይወጣል። ለመተካት ኦ አር ኤስ የሚባል ዱቄት በጤና ኬላ ይሰጣል። አዘገጃጀቱን የሚያሳይ ቪዲዮ ያያችሁ ብዙ እናቶች አላችሁ። በቪዲዮው ውስጥ ያለችው ሴት ፓኬቱን ቀዳ፣ ውኃው ላይ ጨምራ፣ አማስላ ለልጁ በማንኪያ ትሰጠዋለች። ሲያዩት ምንም አይከብድም። ታዲያ ውኃው ስንት ነበር? እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚለያዩት። አንዷ «በአንድ ብርጭቆ» ትላለች። ሌላዋ «በአንድ ጆግ» ትላለች። ውኃው ካነሰ ጨው ይበዛና ልጁን ይጎዳዋል። ውኃው ከበዛ ደግሞ ኃይል አይኖረውም።

ስለዚህ ይህን ቪዲዮ ስታዩ ሴትዮዋ ውኃውን ልትቀዳ ስትል አቁሙት። የገዛ ዕቃችሁን አምጡ። በቤታችሁ አንድ ሊትር የሚይዘው የቱ ነው? ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ካለ በላዩ የተጻፈውን አንብቡ። ግማሽ ሊትር የሚይዝ አለ፣ 1 ሊትር የሚይዝ አለ፣ 2 ሊትርም አለ። ፓኬቱንም አንብቡት፤ በስንት ውኃ እንደሚበጠበጥ ተጽፎበታል። በአገራችን በብዛት የሚገኘው በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ የሚበጠበጠው ነው። 24 ሰዓት ካለፈው ደግሞ አይሰጥም፤ ይደፋል፣ ሌላ ይበጠበጣል። ጡት የሚጠባ ልጅ ጡቱን አያቋርጥም። ልጁ ከደከመ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ወደ ጤና ጣቢያ ነው መሮጥ። ዋናው ነገር ይህ ነው፤ እጃችሁ በውኃና በጠርሙስ አንድ ጊዜ ሳይለማመድ ልጁ በሌሊት ቢታመም ያን ጊዜ ቪዲዮ መፈለግ አይቻልም። ስልኩ ባትሪ የለውም ይሆናል፤ ኔትወርክም ላይኖር ይችላል። ይህን እናንተ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ።

ፊደል መቁጠራችሁ እዚህ ጋ ነው የሚጠቅማችሁ። ቪዲዮው ያሳያል፣ ጽሑፉ ያስታውሳል። ያየ ሰው አንድ መስመር ቢጽፍ ይበቃዋል፤ «1 ፓኬት፣ 1 ሊትር» ብሎ ምሰሶው ላይ ቢለጥፍ። ደብተራችሁን የፊደል መለማመጃ ብቻ አታድርጉት።

ሒሳብም እንደዚሁ ነው። ቪዲዮው «ጤፍ በመስመር ሲዘራ በሄክታር 5 ኪሎ ይበቃል» ቢል፣ አቁሙትና አስሉ። አንድ ሄክታር አራት ጥማድ ነው። እንግዲህ ለአንድ ጥማድ አንድ ኪሎ ከሩብ ማለት ነው። ሁለት ጥማድ ያለው ሰው ሁለት ኪሎ ተኩል ያስፈልገዋል። በብተና ከሚዘራው ጋር አስተያዩት፤ በብተና በሄክታር 25 ኪሎና ከዚያም በላይ ይሄዳል። የተረፈው ዘር ለቤት ነው። ነገር ግን በመስመር መዝራት ጉልበትና ጊዜ ይፈጃል። ቪዲዮው ይህን አይነግራችሁም ይሆናል። ስለዚህ «ስንት ሰው ይፈልጋል? ስንት ቀን?» የሚለውን እናንተ ጠይቁ። ከቻላችሁ መጀመሪያ በጓሮ ቁራሽ መሬት ሞክሩት።

ስለ ሴቶች አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በአገራችን በተለያዩ ክልሎች ስለነዚህ የግብርና ቪዲዮዎች ጥናት ተደርጎ ነበር። ቪዲዮ ባዩ ቀበሌዎች ያሉ ገበሬዎች በተለመደው መንገድ ብቻ ከተማሩት የበለጠ ማወቃቸውና ብዙዎቹም በሥራ ላይ ማዋላቸው ታየ። ሚስቶችም በተጋበዙበት ቦታ ሴቶቹ ይበልጥ አወቁ። ሆኖም እነሱ ስለተጨመሩ ብቻ በማሳ ላይ የዋለው ነገር በግልጽ አልጨመረም። ለምን? ጥናቱ ካለው ውጪ እኛ የምናስበውን እንናገር። ያወቀች ሴት በቤቷ ካልተጠየቀች እውቀቷ የት ይሄዳል? ባልና ሚስት አብረው ካዩ፣ ማታ «አንቺ ምን አየሽ?» መባል አለበት። እሷ ያየችውን እሱ ላያይ ይችላል። አቀንጭራዋን «እሷ ናት የምትመጠው» ያሉትም እናት ነበሩ።

ልጆቻችሁን በሚመለከት ደግሞ ነገሩ የሚያስጨንቅ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተሰጠ፤ ቴሌቪዥን የሌለው ቀረ። ከዚያ በ2013 ክረምትና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ደረሰ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጎዱ፤ የወልዲያ ዩኒቨርሲቲም ሳይቀር ተዘረፈ። በዚህ አካባቢ ያለ ልጅ ያመለጠው የትምህርት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ወላጅ ስልክ ገዝቶ «ከዚህ ተማር» ብሎ ይሰጣል። ገንዘቡ በሬ የተሸጠበት ሊሆን ይችላል። ልጁም ጥግ ይዞ ያያል። ወላጁ ልጄ እየተማረ ነው ብሎ ደስ ይለዋል።

እኛ እናንተን የምንጠይቀው አጠገቡ እንድትቀመጡ ነው። «እኔ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ የት አውቄ?» ትሉ ይሆናል። ሒሳቡን ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ጥያቄው ቀላል ነው። አሁን ምን አለ? ስልኩን ዝጋና በደብተርህ ሥራልኝ። ለእኔ እንዲገባኝ አድርገህ ንገረኝ። ልጁ ለእናቱ ሲያስረዳ የገባውና ያልገባው ለራሱም ይለይለታል። «ያው ነው፣ አታውቂውም» ብሎ ከሸሸ አልገባውም ማለት ነው። ይመልሰውና እንደገና ይየው። ሴት ልጅም ስልኩ እኩል ይድረሳት፤ እሷ ውኃ ስትቀዳ ወንድሟ ብቻ የሚያይ ከሆነ አንዱ ልጅ ብቻ ነው የተማረው።

ረጅም ቪዲዮ ከሆነም ሁሉንም በአንድ ቀን ማየት ግዴታ አይደለም። አምስት ደቂቃ አይቶ አምስት ደቂቃ መሥራት፣ አንድ ሰዓት ከማፍጠጥ ይሻላል። ባትሪም ይቆጥባል።

በሚቀጥለው ስብሰባ የምናሳየው እህል በጎተራ ከነቀዝ እንዴት እንደሚጠበቅ ነው። ቪዲዮው 9 ደቂቃ ነው። እኛ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ይዘንለታል። ደብተርና እርሳስ ያዙ። ነቀዝ የበላው እህል ያለው ሰው አንድ እፍኝ በከረጢት ቋጥሮ ይምጣ፤ ከመክፈታችን በፊት እሱን እናየዋለን፣ ነቀዙ መጀመሪያ ከየት እንደገባም ትገምታላችሁ። ማቆሚያውን የሚነካው ሰው በየተራ ይሆናል። የመጀመሪያዋ ባለ ተራ «በአንድ ብርጭቆ» እና «በአንድ ጆግ» ሲባል ተነስታ ፓኬቱን ያነበበችልን እናት ናት።